ለሕፃኑ የተጋገረ ዳቦ

ናይራ ሦስተኛውን ሊጥ ከጉያዋ አውጥታ ስትገልጠው ኩፍ ብሎ አገኘችው። የመጀመሪያውን እርሾ በፈላ ውሃ ገድላው ነበር፤ ሁለተኛውን የቲቲካካ ሐይቅ ቁር እንደ ድንጋይ አደረቀው። ይሄኛውን ግን በማዘያ ጨርቋ ጠቅልላ፣ ደረቷ ላይ አቅፋ አሞቀችው። ቅርጹ የተጠቀለለ ጨቅላ ነው። በሙታን ቀን፣ ልክ በቀትር፣ አምና የቀበረችው ልጇ ነፍስ መጥታ የምትቀምሰው ዳቦ ነው።

«አምጪው እንጂ!» አሉ አማቷ ኤሉቴሪያ ከጭቃው ምድጃ አፍ ሆነው። «ሁለቱን አሳማ በላቸው፤ ይሄንን ደግሞ ጡት ልታጠቢው ነው? ቀትር ደረሰ እኮ! ልጁ ባዶ ገበታ ላይ ይምጣ?»

ናይራ አልተንቀሳቀሰችም። ሊጡ ክንዷ ላይ ሞቅ፣ ለስለስ ብሎ ተኝቷል፤ ክብደቱ እንኳ የልጇ ነው። በጣቷ ጫን ስታደርገው ቀስ ብሎ ተመልሶ ሞላ።

«እማማ፣ እሳት ውስጥ አልከተውም» አለች። «ደግሞስ በምኑ ይበላዋል? ጥርስ ሳያወጣ አይደል የሄደው?»

አሮጊቷ ዳቦ የሚከተትበትን ጣውላ ይዘው ከምድጃው ተነሡ። ምላሳቸው ምላጭ ነው፤ አሁን ግን ቀስ ብለው መጥተው አጠገቧ ቁጢጥ አሉ።

«እዚያ እናቴ አለች፤ እሷ ታሳድገዋለች። ከሄደ ዓመት ሆነው እኮ፣ ልጄ። ጥርስ አውጥቷል።»

ናይራ ሊጡን ጣውላው ላይ በጀርባው አስተኛችው፤ እጇን ግን ከሥሩ አላወጣችም።

«ስንት አወጣ?» አለች።