አንድ ባልዲ የሐይቅ ውሃ

ነርሷ ሳይሚ በሆስፒታሉ የርቀት መከታተያ ክፍል ስክሪኑ ላይ አፈጠጠች። ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ርቀው፣ በአንድ ሐይቅ ዳር ከእንፋሎት መታጠቢያቸው ከሳውናው ደጃፍ የተቀመጡት የአዛውንቱ የካውኮ ልብ በደቂቃ መቶ ሰማንያ ስድስት ጊዜ ይመታ ነበር። ደረታቸው ላይ የተለጠፈችው መሣሪያ አንዷንም ምት ሳትዘል ትልካለች። እሳቸውን የሚያመጣው ሄሊኮፕተር ግን በበረዶው ውሽንፍር ምክንያት አልተነሳም።

«እማማ ቪዬኖ፣ ከሐይቁ የቀዳችሁት ውሃ አለ?» ስትል ሳይሚ የካውኮን ሚስት በስልክ ጠየቀች።

«ሙሉ ባልዲ። በረዶው እንኳ አልሟሟም።»

«እሳቸው ትንፋሻቸውን ይያዙ፤ እርስዎ ፊታቸውን እዚያ ውስጥ ይንከሩ። ድንገተኛ ብርድ የልባቸውን ሩጫ ይሰብረዋል።»

«ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሲያምረኝ የኖረ ነገር!» አሉ ሚስትየው። «ጎንበስ በል አንተ ሽማግሌ፣ ሐኪም ያዘዘው ነው።»

ውሃው ሲንቦጫረቅ በስልኩ ተሰማ። በስክሪኑ ላይ እንደ መጋዝ ጥርስ የተደራረበው የልብ ምት መስመር ድንገት ተቋርጦ ቀጥ ብሎ ተዘረጋ። አንድ ሰከንድ። ሁለት። ሦስት። ይህ እንደሚሆን ሳይሚ ተምራለች፤ ከዚህ ርቀት በቃሏ ብቻ የሰው ልብ ስታቆም ግን የመጀመሪያዋ ነበር። ከዚያ አንዲት ምት ብቅ አለች፤ ሌላም ተከተለች። ሰባ ሁለት፣ ረጋ ብሎ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ። ሳይሚ ዐይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል ቁጥሩን መዘገበች።

«ልጄ፣» አሉ ቪዬኖ፣ «ኧረ አሁንስ ከባልዲው ላውጣው?»