ቀለም የነካው አውራ ጣት

አባቷ ቀለም የነካ አውራ ጣታቸውን ከዋስትናው ወረቀት በላይ ይዘው ቆሙ። ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫ ተከታትለው ለሚደረጉበት የሀንጋሪው የረጅም ርቀት ውድድር ያለ ዋስ ከአገር መውጣት አይቻልም ነበር። ከተመረጠችበት ቀን ጀምሮ እዚያው ለመቅረት ወስና ነበር። ዋሱ እሳቸው ይሆናሉ ብላ ግን አልገመተችም።

«ቄስ፣ ይግባዎት» አለ የመሐል ሜዳ ቀበሌ ሊቀመንበር። «ከቀረች በእሷ ፈንታ የሚታሰሩት እርስዎ ነዎት።»

«ገብቶኛል፣ ጓድ» አሉና ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ ጫኑ።

«እመለሳለሁ፣ አባባ» አለች፤ አሁን የምሯን ነበር። አባቷ መስቀላቸውን ግንባሯ ላይ አሳርፈው ወደ ጆሮዋ አጎንብሰው ሹክ አሏት። «ወንድምሽን መቅበሬ ይበቃኛል። እንዳትመለሺ ገዝቼሻለሁ።»

ቀለም የነካውን እጃቸውን ጨምድዳ ያዘች። «ያንሱልኝ፣ አባባ! በማርያም ይዤዎታለሁ፣ ግዝቱን ያንሱልኝ!»

«አላነሳም» አሉ ቄሱ።

ሹክታውን ያልሰማው ሊቀመንበር ከት ብሎ ሳቀ። አብዮተኛ ቢሆንም የመንዝ ልጅ ነውና ግዝት ምን እንደሆነ ያውቃል። «አሃ፣ ልትቀሪ ኖሯል! አሁንማ የት ትደርሻለሽ?» አለና ልቡ ሞልቶ ማኅተሙን መታ።