ድንቢጥ ከዳይሬክተሩ ጋር

የሳይንስ መምህርቷ ካርዶቹን ከአሮጌ ካርቶን ቆርጣ በገዛ እጇ ነው የሠራቻቸው። ግማሾቹ ላይ የሰውነት ክፍል፣ ግማሾቹ ላይ ሥራው ተጽፏል። ተበውዘው ጠረጴዛ ላይ ይደፋሉ፤ ባለ ተራው ሁለት ይገልጣል። ልብ ከ«ደም ይረጫል» ጋር ከተገናኘ ጥንዱን ይወስዳል፤ ካልገጠመለት መልሶ ይደፋል። ልጆቹ ወደዱት፣ ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። የሒሳቡና የታሪኩ መምህራን እንኳን ቀንተው የየራሳቸውን ካርድ መቁረጥ ጀመሩ።

ዳይሬክተሩ ግን አልተዋጠላቸውም።

"ይሄ ቁማር ነው! ደግሞ ያቺ ድንቢጥ የምትሏት ልጅ ሁልጊዜ የምታሸንፈው እንዴት ነው? ካርዶቹ ላይ ምልክት አድርጋ መሆን አለበት!"

"ኧረ ጋሼ፣ አጥንታ ነው!" አለች መምህርቷ።

"እናያለን። ካርዶቹን ስጪኝ፣ ቤት ወስጄ እመረምራቸዋለሁ። ነገ እኔው ራሴ እገጥማታለሁ። ካሸነፈችኝ ጨዋታው ይቀጥላል። ካሸነፍኳት ግን ካርዶቹ ወደ ቆሻሻ!"

መምህርቷ ካርዶቹን እያመነታች አስረከበቻቸው። ያን ሁሉ ልፋት አንዲት ፍሬ የምታህል ልጅ ትከሻ ላይ መጣል! ደግሞስ እውነት ለመናገር፣ ድንቢጥ አለመሳሳቷ እሷንም አንዳንዴ ያጠራጥራት ነበር።

በማግስቱ ክፍሉ ጢም አለ። ዳይሬክተሩ ካርዶቹን ራሳቸው በውዘው ደረደሩ። እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ጎንበስ ብለው አዩና ሁለት ካርድ በኩራት ገለጡ፤ ጉበትና «ሽንት ይሠራል»።

"አይገጥሙም ጋሼ" አለች ድንቢጥ በትሕትና።

"አሃ... እጄ ስቶ ነው!"

እጃቸው ደጋግሞ ሳተ። ድንቢጥ እሳቸው ገልጠው የደፉትን ሁሉ በቃሏ ይዛ፣ ተራዋ ሲደርስ እየለቀመች ጨረሰቻቸው። ልጆቹ ጮኹ፣ ጨፈሩ። ዳይሬክተሩም ላባቸውን እየጠረጉ ሳቁ።

"በቃ፣ ይቀጥል!" ብለው ወጡ።

መምህርቷ ደስታዋ ልክ አልነበረውም፤ ካርዶቹን እየሰበሰበች እስክታይ ድረስ። በካርዶቹ ጀርባ፣ ጥግ ጥጉ ላይ፣ ጥቃቅን የእርሳስ ነጥቦች አሉ። ሁለቱ ላይ አንድ አንድ፣ ሁለቱ ላይ ሁለት ሁለት፣ ሁለቱ ላይ ሦስት ሦስት... ክው አለች።

"ድንቢጥ! ነይ እስቲ! እኔን እንዲህ ታዋርጂኝ?"

"እኔ አይደለሁም ቲቸር፣ እውነቴን ነው!" ልጅቷ እንባዋ መጣ።

"ታዲያ ይሄ ምንድነው?" አለችና ሦስት ሦስት ነጥብ ያለባቸውን ሁለቱን ካርዶች በንዴት ገለበጠቻቸው።

ጉበትና «ሽንት ይሠራል»።