ነጭ ግንድና ቁራጭ ሰማይ

ዛሬ ጠዋት እንደ ወትሮው ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ተነሳሁ። ሻይ አፈላሁ፤ አንድ ቁራጭ ዳቦ በአይብ በላሁ። ከዚያ የባሌን የፍቅረሰላምን ካሜራ ከፍቼ እንደ ሁልጊዜው የመጨረሻዋን ፎቶ አየሁ። ጋደል ያለ ነጭ የዛፍ ግንድና ቁራጭ ሰማይ፣ ሌላ ምንም የለባትም። ዘጋሁት። ጫማዬ ላይ በረዶው እንዳያዳልጠኝ የብረት ጥርሱን አስሬ ከሰፈራችን ከሆልምሊያ ቁልቁል ወደ ወንዙ ወረድኩ።

ድንጋዬ ላይ ተቀምጬ ወፏን ጠበቅኩ። እዚህ አገር ፎሰካል ይሏታል። ጥቁር ናት፤ ደረቷ ላይ ነጭ መሐረብ የታሰረባት ትመስላለች። የወንዙ ዳርና ዳር በረዶ ሆኖ ሳለ እሷ መሐሉ ላይ ትጠልቃለች፤ በወንዙ ወለል ላይ ተራምዳ ምንም እንዳልሆነች ትወጣለች። ፍቅረሰላም ሦስት የበረዶ ወራት የጠበቃት ለዚያች ቅጽበት ነበር፤ አፏ ትል ይዞ፣ ውኃው ከጀርባዋ ሳይወርድ። ሳያገኛት ሄደ። እኔም ይኸው ስምንት ወር ካሜራውን አንግቼ እወጣለሁ። በሌንሱ አያለሁ እንጂ ተጭኜው አላውቅም።

"ናዝሬት! ኧረ አንቺ ናዝሬት!"

እትዬ ዓለምጸሐይ ነበሩ፣ የእድራችን ሴቶች ሰብሳቢ። በቤተ ክርስቲያን ጫማቸው እየተንሸራተቱ፣ ከዛፍ ዛፍ እየተደገፉ ይወርዳሉ። ቅዳሜ የት እንደምገኝ የማያውቅ የለም።

"ቀስ ይበሉ እትዬ፣ እዚያ ጋ ያዳልጣል።"

"አንቺን ብሎ ተቆጪ! ስልክሽን ዘግተሽ ከዛፍ ጋር ታወሪያለሽ። ሐዘንተኛ እንዲህ በቀይ ጃኬት ጫካ ለጫካ ትዞራለች? ሙት ዓመቱ እንኳ አልደረሰም እኮ።"

"ጃኬቱ ይሞቃል።"

"አዎ፣ አዎ፣ ይሞቃል።" አጠገቤ ያለውን ዛፍ አቅፈው ቆሙ። "ስሚኝ ልጄ፣ ስለ ካሜራው ነው የመጣሁት። ያ የቤተ ክርስቲያናችን ልጅ ነህምያ መዘምራኑን የሚቀርጽበት ይፈልጋል። የፍቅረሰላም ልብሱ በአርባው ተሰጠ፤ ይኼም ይሰጥ። ለነፍሱ ነው። የሟች ዕቃ ታቅፎ ማደር ለማንም አይበጅም።"

በአርባው ሴቶቹ ሳሎኔ ውስጥ ሸሚዞቹን ሲያጣጥፉ ዝም ብያለሁ። ካፖርቱን ያጠፉት እሳቸው ነበሩ። ከኪሱ አንዲት ላባ አውጥተው፣ አገላብጠው አይተው ቆሻሻ ውስጥ ሲጥሏትም ዝም ብያለሁ።

"አልሰጥም" አልኩ።

"ምን አልሽ?"

"ካሜራውን አልሰጥም። ነህምያ ሌላ ይፈልግ።"

"ምን ልታደርጊበት? ለመሆኑ አንድ ፎቶ አንስተሽበት ታውቂያለሽ? እስቲ አንድ አሳዪኝ! የሞተ ሰው ብረት አንገት ላይ አንጠልጥሎ መዞር ምን ይባላል?"

እውነታቸውን ነው።

ወፏ የመጣችው ያኔ ነው። ውኃውን ታክካ በረረችና ድንጋይ ላይ አረፈች። ሁለት ጊዜ ጎንበስ ቀና አለች፤ ጠለቀች።

"እኔማ ለአንቺው ብዬ..."

"ዝም ይበሉ!"

በዕድሜዬ ታላቄን ዝም ይበሉ ብዬ አላውቅም። እትዬ ዓለምጸሐይ ዛፋቸውን ጠበቅ አድርገው አቀፉ።

ካሜራውን ወደ ዓይኔ አስጠግቼ ተጫንኩ። ምንም ድምፅ አላሰማም። የካሜራው መስኮት ላይ ጽሑፍ መጣ፤ ካርዱ ሞልቷል።

የሞላው በመጨረሻዋ ፎቶ ነበር። ሰኔ ላይ፣ እዚሁ ከወንዙ በላይ ባለው ጫካ ልቡ ቀጥ ብሎ ሲወድቅ፣ ጣቱ ተጭኖ የመጣች ናት።

ወፏ ባዶ አፏን ወጣች። ድንጋዩ ላይ ውኃዋን አራገፈች፤ እንደገና ጠለቀች።

"ምነው፣ ምን ሆነ?" አሉ እትዬ በሹክሹክታ።

"ካርዱ ሞልቷል፤ አንድ ፎቶ ማጥፋት አለብኝ።"

"የእሱን?"

ከመጨረሻዋ ፎቶ በፊት ያሉትን አውቃቸዋለሁ። ጉጉቷን፣ ሚዳቋዋን፣ ጭጋግ የለበሰውን ሐይቅ፤ ሁሉንም ተንበርክኮ፣ ጠብቆ፣ መርጦ ነው ያነሳቸው።

"ይቺ የእሱ አይደለችም" አልኩ።

ጓንቴን በጥርሴ ጎትቼ አወለቅኩ። ካሜራው ላጥፋ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አጥፋ አልኩት።

ውኃው ተሰነጠቀ። ወጣች፤ አፏ ትል ይዟል፣ ውኃው ገና ከጀርባዋ አልወረደም። ተጫንኩ።

እትዬ ዓለምጸሐይ ዛፉን በአንድ እጃቸው ለቀው በትከሻዬ በኩል አጎነበሱ። መነጽራቸውን ፈልገው አደረጉና ፎቶዋን ረጅም ጊዜ አዩ።

"ውይ፣ ይቺ ጉደኛ! በዚህ ብርድ?" አሉ። መነጽራቸውን አወለቁ። "እና ነህምያን ምን ልበለው?"

"ካርዱ ሞልቷል ይበሉት።"

ክንዴን ሰጠኋቸው፤ ዳገቱን አብረን ወጣን። መንገዱን ሁሉ ስለ ጫማቸው አማረሩ፤ እኔ ካሜራውን ከጃኬቴ ሥር አስገብቼ እሰማለሁ።

ነገ ጠዋት ሻይ አፈላለሁ፤ ካሜራውን እከፍታለሁ። ነጩ ግንድና ቁራጯ ሰማይ የሉም።