የነጌሌዋ ወፍ

ኅሩይ ዓይኑ ከመጥፋቱ በፊት ዕድሜውን የፈጀው፣ ከነጌሌ ጫካ ወጥታ የማታውቅ አንዲት ብርቅ ወፍ ሲፈልግ ነው። ድምፅዋን ሰምቷል፤ መልኳን ግን ከሥዕል በቀር አንድም ቀን አላየም። ሚስቱ አስካለ የመጀመሪያ ልጃቸውን ብቻዋን ስትቀብርም እሱ እዚያው ጫካ ነበር።

አሁን ደብረ ብርሃን፣ በረንዳቸው ላይ እንደተቀመጡ ድንገት እጇን ያዘ።

«አስካለ፣ ስሚ። ራሷ ናት። እዚህ ድረስ ምን አመጣት? እስቲ እዪልኝ፤ የአናቷ ጉትያ ነጭ ነው? የዓይኗ ዙሪያስ ቀይ ነው?»

አስካለ ቀና ብላ አየች። ወፏ ጥዱ ላይ ቆማለች። ጉትያዋ እንደ ጥጥ ነጭ፣ የዓይኗ ዙሪያ ደም የመሰለ ቀይ ነው።

«ርግብ ናት» አለችው።

ኅሩይ ወደ ድምፁ ያዘነበለውን ራሱን ቀና አደረገ።

«እንግዲያው ጆሮዬም ከድቶኛል።»

«እርጅና ነው» አለችና እጇን ከእጁ አወጣች።