ገማቹ ያልጠበቀው ቤት

በዚያ ዘመን መብራት የሚታደለው በግምት ነበር። ገማቹ የሚሉት ማሽን የየቤቱን አመል አጥንቶ የሚበቃውን ይወስናል። የደብረ ብርሃኑ አቶ ድንበሩ ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ የሚደርሳቸው ለአንድ አምፖልና ለአንድ ሬዲዮ የሚሆን ብቻ ነው። እሳቸውም ከዚያ በላይ ጠይቀው አያውቁም።

አንድ ቀን ጠዋት ግን ልጃቸው እመቤት አራስ ሆና አባቷ ቤት ገባች። ጎረቤቱ «እንኳን ማርያም ማረችሽ!» እያለ ግልብጥ ብሎ መጣ። ገንፎ ተጣደ፣ ማሞቂያ ተሰካ። ወዲያው ሁሉም ድርግም አለ።

ብዙም ሳይቆይ የጥገና ሠራተኛዋ ውብነሽ በሩን አንኳኳች።

«አባባ፣ ቆጣሪዎ ተበላሽቷል። ገማቹ ‹ከዚህ ቤት ይህን ያህል ፍጆታ ሊመጣ አይችልም› ብሎ ዘግቶታል።»

አቶ ድንበሩ ሊቆጡ ሲሉ የሕፃኗ ለቅሶ ቀደማቸው። ውብነሽ አንገቷን አስግጋ አየች፤ ሴቶቹ ብርዱን ፈርተው ነጠላቸውን እየገፈፉ በአራሷና በሕፃኗ ላይ ይደርባሉ። መፍቻዋን ወደ ቦርሳዋ መልሳ ስልኳን አወጣች።

«የስህተቱን ምክንያት ንገሪኝ ይላል። ምን ልበለው?»

«ስህተት የለም በይው» አሉ አቶ ድንበሩ፣ ወደ ሕፃኗ እያመለከቱ። «ቤቱ ሰው ገብቶበታል።»

እንዳሉት ጻፈች። ማሞቂያው ቀላ፤ ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ በርቶ የማያውቀው የጓዳው አምፖል እንኳ ቦግ አለ። እልልታው ቀለጠ።

ውብነሽ ልትወጣ ስትል አቶ ድንበሩ እጇን ያዙ።

«ከአራስ ቤት ገንፎ ሳይቀምሱ መውጣት አለ እንዴ? ቁጭ በይ! ገማቹ እንደሆነ አንቺንም አልጠበቀሽም።»