የፊደል ተራ

ሰብስቤ አየር ጤና ስፖኪዮ ይሸጣል። የመኪና የጎን መስታወት፣ ያውም የሁሉንም ዓይነት። ትምህርቱን ስድስተኛ ላይ ቢያቆምም ስለ ትምህርት የማያውቀው ነገር የለም። ካላመናችሁ ጠይቁት፤ ባትጠይቁትም ይነግራችኋል።

ልጁ አማኑ ዘንድሮ ስምንተኛ ነው፣ ሚኒስትሪ ይፈተናል። ካላለፈ ዘጠነኛ የለም። ሰብስቤ ደግሞ እንደማያልፍ ቁርጡን አውቋል። የዛሬ ሁለት ዓመት ልጁ ለአንድ ባለ ቪትዝ የግራውን መስታወት በቀኙ አሳስቶ ሸጠ። በቃ። ያን ቀን «ደነዝ» የሚል ሰርተፍኬት ሰጠው፣ ያለ ምንም ፈተና።

የውጤት ካርድ ሲመጣ ሳይገልጥ ጀርባው ላይ ይፈርማል።

«አባዬ፣ ግለጠው እንጂ።»

«ምኑን ልየው? ደም ግፊቴን ልታስነሳ ነው? ሂድ ወደዚያ!»

የወላጅ ስብሰባም አይሄድም። እዚያ የሚሄደው ሥራ የፈታ ነው ይላል።

ጎበዝ ማለት ለሱ ፀሎት ወንድይፍራው ናት። የጎረቤቱ የዘመነች ልጅ። ከአማኑ ጋር ክፍላቸው ይለያይ እንጂ ትምህርት ቤታቸው አንድ ነው። መነጽር ታደርጋለች። ጠዋት ጠዋት ሚኒ ሚዲያ ላይ ዜና ስታነብ ድምጿ እስከ ታክሲ ተራው ይሰማል። መነጽርና ማይክ። ሰብስቤ ሌላ ማስረጃ አላስፈለገውም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ደብተሯን ይዛ ሱቁ ትመጣለች። ሁለቱ ከካርቶኖቹ ጀርባ ቁጭ ብለው ሒሳብ ይሠራሉ። ስትሄድ «አመሰግናለሁ አሙዬ» ትላለች።

«አየህ ሥርዓት!» ይላል ሰብስቤ። «አስተምራህ ስታበቃ አመስጋኟም ራሷ ናት። አንተ ግን ዝም!»

አማኑ ደብተሩን አጥፎ መስታወት ይወለውላል።

አንድ ቀን ሰብስቤ የፈተና አቀማመጥ በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ መሆኑን ከደንበኛ ሰማ። አማኑ በኤ ይጀምራል፣ ፀሎት በቲ። አንዱ ከመጀመሪያው ክፍል፣ አንዷ ከመጨረሻው።

«ልጄን ፊደል ነው የገደለው!» አለ። ለካስ ጥፋቱ የፊደል ኖሯል።

መድኃኒቱንም ወዲያው አገኘው። የፈተና ምዝገባው ሳይደርስ የልጁን ስም ማስቀየር። ፅዮን ይባል። በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ከፀሎት ቀጥሎ ይመጣል፤ ከኋላዋ ተቀምጦ ይኮርጃል።

«አባዬ፣ የሴት ስም ነው እኮ።»

«ፈተና ሴት ወንድ አይልም።»

«ደግሞ ኮዱ ይለያያል። ፊትህ የተቀመጠው ልጅ ወረቀት ካንተ ጋር አንድ አይደለም። መምህራችን እንዳሉት...»

«መምህር ምን ያውቃል? ቢያውቅ መምህር ይሆን ነበር?»

«እኔ እኮ አባዬ...»

«አንተ እኮ ግራና ቀኝህን አታውቅም!»

ሰብስቤ ሱቁን እየዘጋ ፍርድ ቤት ሦስት ሳምንት ተመላለሰ። ስሙ ለምን እንደሚቀየር ሲጠየቅ፣ አንድ መነኩሴ በሕልሜ መጥተው አዘዙኝ አለ። ጸሐፊዋ ቀና ብላ እንኳን አላየችውም።

«ዘንድሮ መነኮሳቱም ሥራ በዝቶባቸዋል» አለች። «ጠዋትም አንዲት እናት ጋ መጥተው ነበር።»

ሰብስቤ ሳቀ። ሰው ለልጁ ሲል የማይዋሸው የለም ብሎ ያቺን እናት ታዘባት።

አማኑን በማርያም አስማለው፤ ለፀሎት ጭምር ትንፍሽ እንዳይል። ልጅቷ ከሰማች ወረቀቷን በክንዷ ትሸፍናለቻ።

ሰኔ ገባ። በፈተናው ሰሞን ዘመነች በገዛ የልብስ ስፌት መኪናዋ የሰፋችውን ሱሪ ይዛ ሱቁ መጣች።

«ጋሽ ሰብስቤ፣ ይቺን አማኑ ለፈተናው ይልበስልኝ።»

«ምነው ዘሙ፣ ምን አድርገንልሽ?»

«ኧረ ምንም! ወገቡን ሰፋ አድርጌዋለሁ፣ ቀና ብሎ እንዲቀመጥ። ወረቀት ላይ ድፍት ማለት ለጀርባ ጥሩ አይደለም፤ እባክዎ ይንገሩት።»

ሰብስቤ የልጁን ድንቁርና አይታ ያዘነችለት መሰለው። ውለታዋን ለመመለስ ለፀሎት አንድ ፓኬት እርሳስ ገዛ። ጥቁር አድርጎ የሚጽፍ መሆኑን ባለሱቁን ሦስቴ ጠየቀው። ከኋላ ላለ ሰው መታየት አለበት።

የመጨረሻው ቅዳሜ ፀሎት ለአማኑ አንድ ነገር ልትነግረው አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው።

«ፈርታለች» አለ ሰብስቤ። «ፈተና የሚፈራ ጎበዝ ነው። አንተ የማትፈራው ለምን እንደሆነ ገባህ?»

የፈተናው ጠዋት አባትና ልጅ በታክሲ ቤቴል፣ መፈተኛው ትምህርት ቤት በር ላይ ወረዱ። የተፈታኞች ስም ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ ወላጅ ይጋፋል፣ ይራገጣል፣ ይሳደባል። የሚፈተኑት ልጆች ብቻ ናቸው በሥርዓት የቆሙት።

ሰብስቤ በክርኑ መንገድ ከፍቶ ቲ ተርታ ደረሰ። ፅዮን ሰብስቤ፣ ክፍል ዘጠኝ። ከሱ በላይ ያለው ስም ግን ፀጋዬ አየለ ነው። ጣቱን ወደ ላይ አወጣ። ወደ ታች አወረደ። ፀሎት የምትባል የለችም።

«ታመመች እንዴ? ልጄን ጉድ ሠራችው!»

አማኑ አዲሱን ሱሪ ለብሷል። የመፈተኛ ካርዱን ከአባቱ እጅ ቀስ ብሎ ወሰደ።

«ቻው አባዬ» አለና ገባ።

ደወሉ ተደወለ። የግቢው በር ተዘጋ። ከግድግዳው ወዲያኛው ጫፍ፣ ኤ ተርታ ላይ ዘመነች ቆማለች። ጣቷ «አሜን ወንድይፍራው» የሚል ስም ላይ ተተክሏል፤ ፊቷ አመድ መስሏል።

«ጋሽ ሰብስቤ፣» አለች፣ «ከልጄ ፊት አማኑ ነበር መቀመጥ ያለበት፤ ሁሌ አንደኛ የሚወጣውን ልጅ ስሙን የት አደረጉት?»